ሱቁን ከመከራየትህ በፊት ሒሳብ መጠየቅ ልመድ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ረዘም ያለው ከደሴ የመጣ ነው፣ እንዳለ ላውጣው ብል ዓምዱን ስለሚጨርስብኝ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ኮምቦልቻ ኪዮት (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ነው በአይቲ የተመረቅኩት፣ ስራ ስፈልግ ሁለት አመት አለፈኝ። እስከዛው ቤት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የሰፈር ሰው፣ ዘመድ፣ የእናቴ የቅሬ (የዕድር) ጓደኞች ልጆች፣ ሁሉም ያመጣል፣ ሰርቼ እሰጣለሁ፣ አንዳንዱ 100 ብር ይሰጠኛል አብዛኛው ግን ‹ተባረክ› ብሎኝ ይሄዳል። ጂዳ ያለች እህቴ ስራ ጀምርበት ብላ 150 ሺህ ብር ልካልኛለች። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ አግኝቻለሁ፣ ባለቤቱ ግን የ6 ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ አይሆንም አለኝ፣ እሱን ከከፈልኩ ለባነርና ለፌስቡክ ቡስት (ተከፍሎበት ለሚሰራጭ ማስታወቂያ) ብቻ ነው የሚተርፈኝ። ዋናው ችግሬ ሰው አያውቀኝም። ራሴን እንዴት ላስተዋውቅ? ደሞ ሞባይል ጥገናም ልጨምርበት ወይስ ይቅርብኝ? ግራ የገባኝ፣ ከሆጤ።»

ወንድምዓለም፣ «ሰው አያውቀኝም» ያልካትን ሁለቴ ነው ያነበብኳት፣ ምክንያቱም ከሷ ከፍ ብሎ ግማሽ ሆጤ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ እናንተ ቤት እንደሚመጣ አንተው ነግረኸኛል። ሰውማ አሳምሮ ያውቅሃል። ሰው የማያውቀው የምታስከፍል መሆንህን ነው። ይሄን ደሞ ፒያሳ ላይ አምስት ሜትር ባነር ብትሰቅል አይነግርልህም፣ እንደውም ባነሩን ያየው ያጎትህ ልጅ «ኧረ ሱቅ ከፈተ!» ብሎ ደስ ብሎት ሌላ ላፕቶፕ ይዞልህ ይመጣል፣ በነፃ።

ስለዚህ ስለ ማስታወቂያው ከማውራታችን በፊት ስለ ይሉኝታው እናውራ፣ እሱ ነው ቤትህን የሚበላው። የወሎ ልጅ ለሰው ሰርቶ «ይሄን ያህል ክፈለኝ» ማለት ሞት ነው የሚመስለው፣ እኔም ከዛው አካባቢ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፣ ሰው ቤትህ መጥቶ ቡና ጠጥቶ ተጫውቶ ሲነሳ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ይመስላል። ግን ልብ በል፣ ይሄው ሰው ቲቪው ሲበላሽበት ቲቪ ሰሪው ጋ ሄዶ የተባለውን ከፍሎ ነው የሚመጣው፣ ቅር አይለውም። አንተ ጋ የማይከፍለው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ዋጋ ስላልነገርከው ነው። ዋጋ ካልተነገረው ደሞ ምን ያርግ፣ 100 ብር ቢሰጥህ እንዳያንስብህ ይፈራል፣ 500 ቢሰጥህ ይበዛበታል፣ ስለዚህ ይመርቅሃል። ምርቃት ጥሩ ነው አሜን በል፣ የሱቅ ኪራይ ግን አይከፍልም።

እንዴት ትጀምረው መሰለህ፣ ስራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ላፕቶፑን ስትቀበል ነው መናገር ያለብህ። ሰውዬው ገና ቦርሳውን ሳይከፍት «አሁን በስራ ደረጃ ይዤዋለሁ፣ ማየቱ ይሄን ያህል ነው፣ ከተሰራ እሱ ከሒሳቡ ይቀነሳል፣ ዕቃ ካስፈለገው ደውዬ ሳልነግርህ አልነካውም» በለው። በቃ ይቺን ነው። የማያ ዋጋህን 200 ብር በለው 300 በለው፣ ቁጥሩን ደሴ ያሉትን ሰሪዎች ጠይቀህ አስተካክለው፣ ዋናው መኖሩ ነው። አንዳንዱ ፊቱ ቅጭም ይላል፣ አንድ ሁለቱ ይቀራሉ፣ ይቅሩ። የቀሩት ሰዎች ድሮም ደንበኛ አልነበሩም።

እናትህን ግን ለብቻዋ አስቀምጠህ ንገራት፣ ይሄ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ካንተ ታሪክ ውስጥ ትልቋ አስተዋዋቂ እሷ ናት። ቡና ላይ፣ ቅሬ ላይ፣ ለቅሶ ላይ «የኔ ልጅ ይሰራልሻል» እያለች ስራ የምታመጣልህ እሷ ናት፣ ችግሩ «ይሰራልሻል» ስትል የሰሙት ሴትዮ «በነፃ» ብለው ነው የሚሰሙት። አሁን «ልጄ ስራ ጀምሯል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ዕቃሽንም አያጠፋብሽም» እንድትል ለምናት። አዎ መጀመሪያ ታፍራለች፣ «እንዴት ከእትዬ እገሊት ትቀበላለህ» ትልሃለች። ለሷ አንድ መብት ስጣት፣ በወር አንድ ሰው በሷ ስም በነፃ ትሰራለህ፣ ማን እንደሆነ እሷ ትምረጥ። ለዘመድም ቅናሽ ከፈለግክ በእጅ ስራህ ላይ ነው ማድረግ የምትችለው፣ በገዛኸው ዕቃ ላይ በፍፁም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው እንዲህ አይነቱ ላይ ነው፣ ራም ከኪስህ ገዝተህ ለዘመድ አስገብተህ «ሲመቸኝ እሰጥሃለሁ» ከተባልክ እህትህ ጂዳ ቆማ የሰራችበትን ነው የሰጠኸው።

ወደ ሱቁ ልምጣ። የፒያሳውን ሱቅ አሁን አትከራይ። ለዘላለም አላልኩም፣ አሁን። 150 ሺህ ብር አለህ፣ አብዛኛውን ለግድግዳና ለጣሪያ ከሰጠኸው በማግስቱ አንድ ደንበኛ ሃርድ ዲስክ ቀይርልኝ ቢልህ መግዣ የለህም፣ አዲስ አበባ ደውለህ «ላኩልኝ ነገ እከፍላለሁ» ማለት ነው፣ የመርካቶ ነጋዴ ደሞ አያውቅህም። ጥገና ቤት ሰው ከደጅ አይቶ የሚገባበት አይነት ስራ አይደለም፣ ልብስ ቤት ቢሆን ፒያሳ ልክ ነህ፣ አላፊ አግዳሚ ያያል ይገባል። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው ግን ጸሐፊዋን ወይ ጎረቤቱን «ማን ጋ ላምጣው?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚሄደው፣ ስሙ የተጠራለት ሰው ሆጤ ጓሮ ቢሆንም ይሄዳል፣ ሰኞ ገበያ ፎቅ ላይ ቢሆንም ይወጣል። ስለዚህ ለጊዜው እቤታችሁ አንዷን ክፍል ለብቻዋ አድርጋት፣ በር ያላት፣ የምትቆለፍ፣ ህጻን የማይገባባት፣ ጠረጴዛና ጥሩ መብራት ያላት። መሬት ላይ ፍራሽ አጠገብ ላፕቶፕ ፈትተህ ደንበኛ ካየህ አለቀልህ። ትንሽ ደጅ ላይ ምልክት ካስፈለገህ A4 ላይ አትመህ ለጥፍ።

ብሩን ምን ላርገው ካልከኝ፣ መጀመሪያ መሳሪያ። ደህና የካቻቢቴ ስብስብ፣ መልቲሜትር፣ ብሎወር፣ ተርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት)፣ ሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ፣ የዊንዶውስ መጫኛ ያለባቸው ሁለት ሶስት ፍላሽ፣ እና ከሁሉም በላይ የደንበኛ ዳታ ለጊዜው የምታስቀምጥበት ትልቅ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ከዛ ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉ ዕቃዎችን በትንሽ በትንሹ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ)፣ የላፕቶፕ ራም፣ የተለመዱ ቻርጀሮች፣ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ፣ ሲአር2032 የሚባለው የማዘርቦርድ ባትሪ። ይሄ የመጨረሻው ርካሽ ነው ግን ስንት ሰው እንደሚያስደስት አትጠይቀኝ፣ ኮምፒውተሩ በከፈቱት ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ዌብሳይት ሁሉ «ደህንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ እምቢ የሚላቸው ሰዎች ቫይረስ ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ባትሪዋን ቀይረህ ቀኑን ስታስተካክል ተአምር ነው የሚመስላቸው። ግማሹን ብር ግን አትንካው፣ ባንክ ይቀመጥ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ዛሬ የጠየቅከው በሳምንቱ ላይገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ለደንበኛም ዋጋ ስትናገር «ይሄ የዛሬ ዋጋ ነው» በል፣ ዕቃ ከማዘዝህ በፊት የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ቀብድ ተቀበል። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ 400 ኪሎ ሜትር ከመጣ በኋላ «ተውኩት ሌላ ገዛሁ» ሊልህ ይችላል።

ንግድ ፈቃድ አውጣ። ረጅም ወሬ አላወራም፣ ቲን ቁጥር፣ የብቃት ማረጋገጫ ምናምን፣ ወረዳህ ንግድ ጽህፈት ቤት ሄደህ በዚህ የስራ መደብ ምን እንደሚጠየቅ ጠይቅ፣ ከጓደኛ ጋር ተደራጅቶ የሚወጣውንም አብረህ ጠይቅ። ለምን ይሄን እንዳልኩህ ወዲያው ይገባሃል፣ ገንዘቡ ያለው ቢሮዎች ጋ ነው፣ ቢሮ ደሞ ደረሰኝ ከሌለህ ቢወድህም መክፈል አይችልም።

እንግዲህ ማስታወቂያ ያልከው ላይ ደረስን። ፌስቡክ ቡስት ተወው። አንደኛ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ ላይ ታች ትላለህ፣ ሁለተኛ ላይክ የሚያደርግልህ ሰው ባህር ዳር ወይ ሪያድ ነው ያለው፣ ደሴ ብቻ ብለህ ብትመርጥ እንኳ ያየው ሰው የዛን ቀን ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ አይቶ ያልፍሃል። አንተ የምትፈልገው በተበላሸበት ሰአት ትዝ እንድትለው ነው። ለዛ ደሞ ስልክ ቁጥርህ ቀድሞ እሱ ጋ መኖር አለበት። እንዴት? የሰራኸው ኮምፒውተር ሁሉ ከስሩ ትንሽ ስቲከር ይለጠፍበት፣ ስምህ፣ ስልክህ፣ «ኮምፒውተርና ፕሪንተር ጥገና፣ ደሴ»፣ የተሰራበት ቀን። የስቲከር ህትመት ከባነር በጣም ይቀንሳል፣ ባነሩን ፀሐይና የደሴ ዝናብ ይበላዋል፣ ስቲከሩ ግን ከማሽኑ ጋር አመታት ይኖራል፣ በተበላሸ ቀን ደሞ የመጀመሪያው የሚታየው እሱ ነው። ጎግል ማፕ ላይም ቦታህን መዝግብ፣ ነፃ ነው፣ እቤት ስለሆንክ ትክክለኛ ፒኑን ማድረግ ካልፈለግክ የምትሰራበትን አካባቢ ብቻ መምረጥ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው በእግር ነው። ያለ ኮምፒውተር አንድ ቀን የማይውሉትን አስባቸው፣ ፍርድ ቤት ዙሪያ ማመልከቻ የሚጽፉት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የግል ክሊኒኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሰው ሒሳብ የሚሰሩ ባለሙያዎች፣ ፎቶ ቤቶች። ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንተሩ ከቆመ የዛን ቀን ገቢ የለውም፣ «ነገ ና» ከሚለው ሰሪ ይልቅ በግማሽ ሰአት ለሚደርስለት ሰው እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ፕሪንተር ጥገናና የካርትሬጅ ሙሌት ካልቻልክ ተማር፣ እውነቱን ልንገርህ ከላፕቶፑ ይልቅ እንጀራው እሱ ላይ ነው፣ ላፕቶፕ በአመት አንዴ ይበላሻል ቶነር ግን ሁሌ ያልቃል። ስትሄድ ደሞ «ስራ ስጡኝ» አትበል፣ ወረቀትም በር ለበር አትበትን። ገብተህ ሰላም ብለህ፣ ስራ ካልበዛባቸው «እዚሁ ሆጤ ነኝ፣ ፕሪንተር ሲቆምባችሁ ደውሉልኝ፣ ዛሬ ግን አንዱን ማሽን ከአቧራ በነፃ ላጽዳላችሁ» በል፣ አንዱን ብቻ። እያጸዳህ ሌላውን ታያለህ፣ ፋኑ የሚጮኸውን፣ ፓወሩ የሚያንቋቋውን፣ ዳታው አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠውን። ያየኸውን ሳታጋንን ለጸሐፊዋ ንገራት። ለአለቃው ሳይሆን ለጸሐፊዋ፣ ማሽኑ ሲቆም ስልክ የምታነሳው እሷ ናት፣ ቁጥርህ የሷ ስልክ ውስጥ ካለ ቢሮው ያንተ ነው።

እየዋለ እያደረ ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑትን በወር ክፍያ ያዛቸው። ለምሳሌ ብዬ ነው፣ ስምንት ቦታ በወር 1,500 ብር ቢከፍሉህ 12,000 ብር ነው፣ ማንም ላፕቶፕ ባያመጣ እንኳ ወሩ ባዶ አይሆንም። ለዚህ ምን ታደርግላቸዋለህ፣ በወር አንዴ ሄደህ ታጸዳለህ፣ አንቲቫይረሱን ታያለህ፣ ዋናውን ዳታ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ትገለብጣለህ፣ ሲደውሉ ቀድመህ ትደርሳለህ። ዕቃ ከተቀየረ ለብቻው። ይሄን በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈህ ተፈራረም፣ በቃል የተባለ ነገር በሶስተኛው ወር «ሁሉንም ትሰራለህ ብለኸን» ይሆናል። መንግስት መስሪያ ቤትም አለ፣ እዛ ፕሮፎርማ እየሰበሰቡ ነው የሚያሰሩት፣ ክፍያውም ሊጓተት ይችላል፣ ስለዚህ ከኪስህ ብዙ ዕቃ አስገብተህ የምትጠብቀው ስራ አትያዝ።

የሆነ ቀን ኮምቦልቻንም አስብ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም። እዛ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሰነድ ሲያዘጋጁ የሚውሉ ቢሮዎች አሉ። ትላልቆቹ የራሳቸው አይቲ አላቸው፣ እነሱን አታሳድ፣ በዙሪያቸው ያሉት ትናንሾቹ ናቸው ያንተ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ሙቀቱና አቧራው ሲደመር ፋን ይዘጋል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ ድንገት ይጠፋል፣ ሰው ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል፣ ተከፍቶ ሲጸዳና ተርማል ፔስቱ ሲቀየር አብዛኛው ይነሳል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑ የታወቀ፣ ለምሳሌ ሐሙስ ሐሙስ ኮምቦልቻ ነኝ ብትል እዛ ሱቅ ሳትከፍት ሱቅ እንዳለህ ነው።

አሁን ደሞ ከሁሉም የከበደው፣ እባክህ እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ። ኮምፒውተር ሰሪ የሚታማው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ፎርማት ነው። ሰው ላፕቶፑ ከበደኝ ብሎ ያመጣል፣ ሰሪው ሳይጠይቅ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ ጭኖ «ጨርሻለሁ» ይላል፣ የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርጉ ፎቶ፣ የሱቁ የሶስት አመት ሒሳብ አብሮ ሄደ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው ያለኸው፣ የሪሰርች ማስረከቢያ ሰሞን አንዲት ተማሪ ጽሑፏን ብታጠፋባት ዶርም ሙሉ ሰው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ማንኛውም ማሽን ሲገባ ዳታው ይፈለጋል አይፈለግም ብለህ ጠይቀህ አጽፈህ አስፈርም፣ አይፈለግም ቢሉህ እንኳ ኮፒ አርገህ ለአንድ ሳምንት አቆየው፣ «ውይ አንድ ፎልደር ረስቼ» ብሎ የማይመለስ የለም። ፍላሽ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣልህንም ፎርማት አታድርግ፣ ፋይሉ አለ ተደብቆ ነው፣ የተደበቀውን የሚገልጠውን አትሪብ ትዕዛዝ ታውቃለህ፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ መጀመሪያ ቫይረሱን ግን አጽዳ አለበለዚያ ተመልሶ ነው የሚመጣው። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው ደሞ ደጋግመህ አታስነሳው፣ እሱ ካንተ አቅም በላይ ነው፣ ደንበኛው ዳታው በጣም ካስፈለገው ሳትነካው ለባለሙያ ይውሰደው ብለህ መልስ። አልችልም ማለት ደንበኛ አያባርርም፣ እመነኝ።

ሁለተኛው የሰው ገመና ነው። ደሴ እንደሆነ ጠባብ ነው፣ የሁሉም ሰው አክስት የሁሉም ሰው ጎረቤት ናት። ሴቶች ላፕቶፕ ሰሪ ጋ መስጠት ይፈራሉ፣ ልክ ናቸው፣ ፎቶዋን ከፍቶ ያየ፣ ለጓደኛው ያሳየ ሰሪ መኖሩን ሰምተዋል። አንተ ይሄን ስጋት ቀድመህ አንሳላቸው፣ ቀላል ስራ ከሆነ እዛው ፊት ለፊታቸው ስራው፣ ጊዜ የሚወስድ ሆኖ ስራው ዲስኩን የማይፈልግ ከሆነ ዲስኩን አውልቀህ ስጣቸው፣ «ይሄ እናንተ ጋ ይቆይ» በላቸው። እናንተ ሰሪዎች የደንበኛ ፓስወርድ ማሽኑ ላይ በማርከር የምትጽፉት ነገር ደሞ ምን እንደሚያስነካችሁ አላውቅም፣ ለምን የሰው ፓስወርድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚነበብ። ስትመልስ «ፓስወርዱን አሁን ቀይሩት» በል። ጓደኞችህ ስራ ስትሰራ ከኋላህ ተቀምጠው ጫት ይዘው ስክሪን እያዩ የሚጫወቱበት ቤት ከሆነ ሴት ደንበኛ አትመጣም። ጥንቃቄህን ያየች አንዲት ሴት ግን ለአስር ሴቶች ትነግርልሃለች፣ ማስታወቂያ ብለህ የጠየቅከኝ ይሄው ነው።

ስትቀበል የምትጽፈው ወረቀት ሁለት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ለሱ። ስም፣ ስልክ፣ የማሽኑ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ ቻርጀሩ አብሮ መጣ አልመጣ፣ ያለው ጭረትና ስብራት፣ ምን ሆነ እንዳለ በራሱ ቃል፣ ዳታው ምን ይሁን፣ የተነገረው ዋጋ። «ስሰጥህ ስክሪኑ ደህና ነበር» የሚለው ክርክር በዚህ ነው የሚያልቀው። ለሰራኸው ስራ የ1 ወር ዋስትና ስጥ፣ በዛው ችግር ከተመለሰ ሳትነጫነጭ በነፃ ስራ። አሮጌ ኮምፒውተር ልሽጥልህ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ደረሰኝ ወይም የመታወቂያ ኮፒና ፊርማ ሳትይዝ እንዳትገዛ፣ በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ከቢሮና ከትምህርት ቤት የተዘረፈውን ሁላችንም እናውቃለን፣ የሰው ዕቃ እጅህ ላይ ቢገኝ ባለፈቃድ መሆንህ ይብስብሃል እንጂ አያድንህም።

ቴሌግራም ቻናል ክፈት፣ ግን «እንኳን ደህና መጣችሁ ለጥራት የቆምን» አይነት ነገር አትጻፍበት፣ ማንም አያነበውም። በሳምንት አንድ ለሰው የሚጠቅም ነገር ጻፍ። ለምሳሌ ክረምት ላይ፦ «መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩት፣ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ፓወር ሰፕላይና ቻርጀር የሚያቃጥለው ያኔ ነው፣ ትንሽ ቆዩ።» ይሄን ሰው ለቤተሰቡ ፎርዋርድ ያደርገዋል፣ ከስሩ ስልክህ አለ። ሌላ ቀን «ዴስክቶፑ እየጮኸ ስክሪን ካላሳየ ነቅላችሁ ራሙን አውጥታችሁ እግሩን በላጲስ ጥርግ አርጉት» ብለህ ጻፍ። ሙያዬን አባከንኩ እንዳትል፣ ራሱ የሚሞክረው ጥቂት ነው፣ ሌላው «ይሄ ልጅ ያውቃል» ብሎ አንተ ጋ ነው የሚያመጣው። የደንበኛ ማሽን ፎቶ ግን ሳታስፈቅድ እንዳትለጥፍ፣ ስክሪኑ የበራ ከሆነ ፈቃድም ቢሰጡህ ይቅር።

ቻናሉ ላይ አሁን ብትጽፈው የሚሰማህ ወሬ ደሞ ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። እዚህ ላይ ሰው አታስፈራራ፣ «ኮምፒውተራችሁ ሊዘጋ ነው» እያሉ ዕቃ የሚሸጡ አሉ፣ ውሸት ነው፣ ይሰራል፣ ግን የደህንነት ማስተካከያው ስለሚቀርበት በጊዜ ብዛት ለቫይረስ እየተጋለጠ ይሄዳል። ወደ 11 ለመሄድ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ያስፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ ደሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለ፣ ቢሮዎች ያሏቸው አሮጌ ዴልና ኤችፒዎች ብዙዎቹ ይሄን አያልፉም። ስለዚህ ቢሮ ስትሄድ የትኛው ማሽን ያልፋል የትኛው አያልፍም ብለህ ዝርዝር ሰርተህ ስጣቸው፣ በነፃ፣ በአንድ ገጽ። በጀት ሲይዙ ያንን ወረቀት ነው የሚያወጡት። የማያልፈው ላይ ደሞ ለጊዜው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ብትቀይርላቸው ፍጥነቱን አይተው አዲስ ገዛችሁልን ወይ ይሉሃል፣ ከጥገናው ሁሉ ደንበኛ አፉን ይዞ የሚሄድበት ስራ ይሄ ነው፣ የደህንነቱ ጉዳይ ግን በኤስኤስዲ እንደማይፈታ አብረህ ንገራቸው።

ለፒያሳው ባለሱቅ ደውለህ «አሁን አልደረስኩም፣ ወደፊት» በለው። መቼ ነው የምከራየው ካልከኝ፣ በወር ክፍያ የያዝካቸው ቢሮዎች ብቻቸውን ኪራዩን ሲሸፍኑ፣ ደሞም ሶስት ወር በተከታታይ ሲሸፍኑ። ያኔ እንኳ 6 ወር ቅድሚያ አትስማማ፣ 3 በል፣ ባዶ ሱቅ ለሱም ኪሳራ ነው። ለእህትህም በየወሩ ገቢና ወጪውን ፎቶ አንስተህ ላክላት፣ ልትቆጣጠርህ ሳይሆን ብሯ የት እንደገባ ማወቅ መብቷ ነው፣ አንተም ለመጻፍ ትገደዳለህ።

ሞባይል ያልከውን ለጊዜው ተወው። ፒያሳ ላይ ሞባይል ሰሪ ሞልቷል፣ ዕቃው ሌላ፣ መሳሪያው ሌላ፣ ስክሪን ሲሰበርብህ የምትከፍለው ከኪስህ ነው። ሰው ሞባይል ይዞ ከመጣ ጎበዝ የሆነውን ሰሪ ጠቁመው፣ ያም ሰሪ ላፕቶፕ ሲመጣበት ወዳንተ ይልካል፣ ከሱ ጋር ሄደህ ተዋወቅና ከወዲሁ ተነጋገሩ።